ለቁልቁለት ሎንግቦርድ ምን እንግዛ፣ ምን እናሰራ? ጅማ ላላችሁ ጀማሪዎች

ሎንግቦርድ ቆመውበት የሚነዱት፣ አራት ጎማ ያለው ረጅም ሳንቃ ነው። «የትኛውን ቦርድ ልግዛ?» ይሉኛል። ስህተቱ እዚችው ጥያቄ ላይ ይጀምራል። ያለው ብር በሙሉ ቦርድ ላይ ያልቃል። ሄልሜትና ጓንት ላይ ሲደረስ ኪስ ባዶ ነው። ከዚያ በባዶ እጅ ቁልቁለት ይወረዳል፤ የመዳፍ ቆዳ አስፋልት ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ስህተት ቦርዱ ራሱ ነው። ለዝላይና ለትሪክ የተሠራውን ትንሹን ቦርድ ይዘው ዳገት የሚወጡ አሉ። ጎማው ትንሽና ድንጋይ የመሰለ ደረቅ ነው። ሽምብራ የምታክል ጠጠር ታቆመዋለች፤ እናንተ ግን አትቆሙም።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ሄልሜት፣ ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ፣ ጫማ፤ ቦርድ መጨረሻ ላይ። ቦርዱ ቤት ከገባ በኋላ ጓንት እስኪመጣ የሚታገስ ሰው አላየሁም።

ሙሉ ዕቃውን ጅማ ውስጥ ከአንድ ሱቅ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ግማሹን ከውጭ በሚመጣ ሰው ታስመጣላችሁ፤ ግማሹን እዚሁ ታሰራላችሁ። ደስ የሚለው፣ እዚህ የሚሠራው አንዳንዱ ከሚገዛው አያንስም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ተለኩ

ሳትለኩ አትዘዙ። ከውጭ የመጣ ዕቃ «ጠበበኝ» ተብሎ አይመለስም።

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከኋላ የጭንቅላታችሁ ሰፊው ቦታ ላይ አዙሩት። በሴንቲሜትር ጻፉት። ጎፈሬ ወይም ድሬድ ያላችሁ ሁልጊዜ በምትነዱበት የጸጉር አኳኋን ተለኩ።

ክብደታችሁን መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ወጥታችሁ እዩ። በግምት አትጻፉ። ትራክ ጎማዎቹን ከቦርዱ ሥር የሚይዘው ብረት ነው፤ ጎሚኒ ደግሞ ውስጡ ያለው፣ ቦርዱን የሚያሳጥፈው ትንሽ የጎማ ቀለበት። ጎሚኒው የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ባላችሁበት ዝለሉና ሳታስቡ እረፉ። በሁለቱ እግሮቻችሁ መሀል ያለውን ርቀት ለኩ። ይህ ቦርድ ላይ የምትቆሙበት ስፋት ነው።

ደረጃ 2፦ ሄልሜት

ለቁልቁለት የሚሆነው አገጭ የሚሸፍነው ዝግ ሄልሜት ነው። ሰው ሲወድቅ ሁልጊዜ በአናቱ አይወድቅም፤ ብዙ ጊዜ ፊትና አገጭ ነው የሚመታው። ግማሹ ክፍት የሆነው ሄልሜት ሜዳ ላይ ለመለማመድ ይበቃል። ከዚያ አይለፍ።

ከውስጥ ያለውን ምልክት ፈልጉ። ለተራራ ብስክሌት ቁልቁለት የተሠራ ዝግ ሄልሜት ላይ ኤኤስቲኤም ኤፍ 1952 የሚል ይኖራል፤ ይህ ጥሩ ነው። ኢኤን 1078 የብስክሌትና የስኬትቦርድ የአውሮፓ መለኪያ ነው። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ከሆነ ደግሞ ኢሲኢ 22.05 ወይም 22.06 የሚል፣ በክብ ውስጥ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር ያለበት ምልክት ፈልጉ።

የሞተር ሄልሜት ከተማችን ውስጥ ይገኛል፤ ፎርጅዱም አብሮ ይገኛል። ምልክት የሚባለው ስቲከር ነውና በቀላሉ ይለጠፋል። የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጋችሁ ነጩን ፎም ንኩት። ጠንካራና ወፍራም መሆን አለበት፤ የቲቪ ካርቶን ውስጥ እንደሚመጣው ዓይነት። ስፖንጅ ብቻ ካለ መልሱት። የፀሐይ መከላከያ ኮፍያ ገዝታችኋል ማለት ነው።

የሞተር ሄልሜት ሁለት ችግር አለበት። ይከብዳል፤ ጆሮ ይደፍናል። ከኋላ የሚመጣ የባጃጅ ጥሩምባ አይሰማችሁም። ሌላ ከሌለ ተጠቀሙበት፣ ግን ዘወር ብሎ የማየት ልማድ አዳብሩ። በጭጋጋማ የጅማ ጠዋት መስታወቱ በትንፋሽ ይደበዝዛልና ትንሽ ከፍታችሁ ተውት።

መጠኑን እንዲህ ፈትኑ፦

1. አጥልቁት። ጉንጫችሁ ተገፍቶ ከንፈራችሁ ትንሽ መሾል አለበት።
2. ጭንቅላታችሁን ወዲህ ወዲያ ወዝውዙ። ሄልሜቱ ከቆዳችሁ ጋር ይዙር እንጂ ብቻውን አይንሸራተት።
3. ማሰሪያውን እሰሩ። በአገጭና በማሰሪያው መሀል ከአንድ ጣት በላይ አይግባ።
4. ሌላ ሰው ከኋላ የታችኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ፊት ይግፋው። ከራሳችሁ ከወለቀ መጠኑ አይደለም። ስፖንጅ ጠቅጥቃችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ።

ሰልባጅ ሄልሜት አትግዙ። ፎሙ አንዴ ከተመታ ውጪው ሳይሰነጠቅ ውስጡ ይታመቃል፤ በዓይን አይለይም። ቀለም አትቀቡት፣ በቤንዚን አትጥረጉት። ቤንዚን ፎሙን ይበላዋል። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃል።

ደረጃ 3፦ መንሸራተቻ ጓንት

የቁልቁለት ቦርድ ፍሬን የለውም። የምትቆሙት በእግር ጫማ ወይም ቦርዱን በወርዱ አዙሮ በማንሸራተት ነው፤ ጀማሪ ሲያንሸራትት አንድ እጁን አስፋልት ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ ጓንት መከላከያ ብቻ አይደለም፤ የፍሬኑ አካል ነው። መዳፉ ላይ የተገጠመ ወፍራም ፕላስቲክ አለው።

ይህን ጅማ ላይ ማሰራት ይቻላል። የሚያስፈልገው የቆዳ የሥራ ጓንት፣ ነጭ ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ፣ ቁራጭ ወፍራም ቆዳና ጎበዝ ጫማ ሰፊ ነው። የብየዳ ጓንት ወፍራም ስለሆነ ይማርካል፤ ግን ጣት አያሳጥፍም፣ ቦርድ ጠርዝ መያዝ ያስቸግራል። ቀጭን የቆዳ የሥራ ጓንት ይሻላል።

1. መክተፊያው ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍር። በመጋዝ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ፤ ለእያንዳንዱ እጅ አንድ።
2. አስፋልት የሚነካውን ጠርዝ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሙልሉት። ሹል ጠርዝ የአስፋልት ስንጥቅ ይይዝና እጃችሁን ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል።
3. ከክቡ በየዙሪያው 2 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ወፍራም ቆዳ ቁረጡ።
4. ቆዳውን ከፕላስቲኩ ጋር በአራት አጫጭር ቪቴ እሰሩ። ቪቴው ከቆዳው በኩል ይግባ፤ ጭንቅላቱ ሥር ሮንዴላ አድርጉ። ርዝመቱ ከ8 ሚሊ ሜትር አይበልጥ። በሌላው በኩል ከወጣ አስፋልት ላይ ብረት ትጎትታላችሁ።
5. የቪቴውን ጭንቅላቶች በሌላ ቀጭን ቆዳ ሸፍኑ፤ አለበለዚያ መዳፍ ይወጋሉ።
6. የተረፈውን የቆዳ ጠርዝ ጫማ ሰፊው በወስፌና በሰም በተቀባ ክር ዙሪያውን ከጓንቱ ጋር ይስፋው። ሁለት ዙር። ፕላስቲኩ ከመዳፉ ሥር፣ ወደ አንጓ ጠጋ ይበል።

በማስቲሽ ብቻ አታጣብቁት። መክተፊያ ፕላስቲክ ማስቲሽ አይዝም። ቤት ውስጥ የተጣበቀ ይመስላል፤ አስፋልት ላይ ሲሞቅ ልጥ ብሎ ይሄዳል።

የፕላስቲኩ ጎን ላይ በቢላ አንድ መስመር ጫሩ፤ ከቪቴው ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ወደ አስፋልቱ በኩል። እየተበላ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቀይሩ። መንዳት ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ተንበርክካችሁ፣ እጃችሁን አስፋልት ላይ ተጭናችሁ ወደ ፊት ጎትቱት። ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ጥሩ ነው። ከተንጫጫና ከያዘ ጠርዙን እንደገና አሙልሉ።

ደረጃ 4፦ ጉልበት፣ ክርንና ልብስ

የጉልበት መከላከያው ጠንካራ የፕላስቲክ ክዳን ያለው ይሁን። ጨርቅና ስፖንጅ ብቻ የሆነው የመረብ ኳስ ዓይነት አስፋልት ላይ አይንሸራተትም፤ ጉልበታችሁን ያዝ አድርጎ በፊታችሁ ይደፋችኋል። የሴራሚክ አንጣፊዎች የሚያስሩት ደግሞ ለመንበርከክ እንጂ ለመውደቅ አልተሠራም፤ ሲመታ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ክርኑ ላይም ያው ነው።

የናይለን ቱታ ለብሳችሁ አትውጡ። በፍትጊያ ሙቀት ይቀልጥና ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ጂንስ ለዝግታ ልምምድ ይበቃል፣ ለፍጥነት ግን ቶሎ ይቀደዳል። ፍጥነት ስትጨምሩ ቆዳ ልበሱ። ሰልባጅ ተራ ውስጥ እውነተኛ የቆዳ ጃኬት ይገኛል፤ ስፌቱን በሁለት እጅ ጎትታችሁ ፈትኑ፣ ቆዳው ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ተዉት።

ደረጃ 5፦ ጫማ

ሶሉ ጠፍጣፋና ወፍራም ይሁን። ተረከዙ ከፍ ያለ የሩጫ ጫማ ቦርዱን እንዳትሰሙት ያደርጋል።

በእግር ስታቆሙ ሶል እንደ ሳሙና ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጫማ ሰፊው ዘንድ ሂዱና ከታች የመኪና ጎማ ቁራጭ ያስገባ። በረባሶ ከሚሠራበት ጎማ ጋር አንድ ነው። ሁለት ነገር አስጠንቅቁት። አንደኛ፣ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለበት ጎማ አይሁን። ሁለተኛ፣ ለሁለቱም ጫማ እኩል ውፍረት ያድርግ፤ አንዱ ብቻ ከፍ ካለ ቦርዱ ላይ ሚዛን ታጣላችሁ። በማስቲሽ ካጣበቀው በኋላ ዙሪያውን ይስፋው። የጫማውን ክር ትርፍ ወደ ውስጥ ክተቱ።

ደረጃ 6፦ ቦርዱ፣ ትራኩ፣ ጎማው

አሁን ማዘዝ ትችላላችሁ። ለሚያመጣላችሁ ሰው «ሎንግቦርድ ግዛልኝ» ብቻ አትበሉት። ሱቅ ገብቶ መልኩ የማረከውን ያመጣል። ይህን ጽፋችሁ ላኩ፦

«የቁልቁለት ቦርድ። የማይለጠጥ ጠንካራ። ስፋቱ ከ23 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር። በትራኮቹ መሀል ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር። ትራኩ ሪቨርስ ኪንግፒን፣ ከ44 እስከ 50 ዲግሪ። ጎማው ከ70 እስከ 75 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው ከ78ኤ እስከ 80ኤ፣ ጠርዙ ክብ። ክብደቴ ይህን ያህል ኪሎ ነው፤ ጎሚኒውን በእሱ ይምረጡልኝ።»

ኪንግፒን በትራኩ መሀል አልፎ ጎሚኒውን የሚይዘው ትልቅ ብሎን ነው። ኤ ያለበት ቁጥር ጥንካሬን ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠነክራል። በትራኮቹ መሀል ያለው ርቀት ከመቆሚያችሁ ስፋት በለጥ ይበል። በቁልቁለት ሁለቱም እግር በትራኮቹ መሀል ነው የሚቆመው።

ቦርዱ ሲደርስ ሁለቱን ጫፎች ጡብ ላይ አሳርፉና መሀሉ ላይ ቁሙ። ወደ ታች በግልጽ ከጎበጠ ለመናፈሻ እንጂ ለቁልቁለት አይሆንም። ያገለገለ ቦርድ ከሆነ በሳንቲም ዙሪያውን አንኳኩ። አንድ ቦታ ላይ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ንብርብሩ ተላቋል፤ አትንዱት።

ትራኩን በተመለከተ ከሁሉም በላይ ጎሚኒው ላይ ጊዜ ስጡ። ፍጥነት ሲጨምር ቦርዱ ቀኝና ግራ እየተርገፈገፈ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ጎሚኒው ለክብደታችሁ የለሰለሰ በመሆኑ፣ ወይም ክብደታችሁ ወደ ኋላ በመሆኑ ነው። ለመነሻ ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ 85ኤ አካባቢ፣ ከ60 እስከ 75 ኪሎ 87ኤ እስከ 90ኤ፣ ከዚያ በላይ 90ኤ እስከ 93ኤ ይሞከር። የለሰለሰውን ጎሚኒ የኪንግፒኑን ዳዶ አጥብቆ ለማጠንከር መሞከር የተለመደ ነው። አይሠራም። ጎሚኒው ይፈነዳል፣ ቦርዱም መታጠፍ ያቆማል። ዳዶውን በእጅ ከያዘ በኋላ አንድ ዙር ያህል ብቻ አጥብቁ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ጎሚኒ መቀየር ነው።

ኩሽኔታ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ቁጥሩ 608 ነው፤ ውስጡ 8፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ብዙ የሥራ መሣሪያና ትንንሽ ሞተር ውስጥ የሚገባ ስለሆነ ኩሽኔታ ሻጭ ዘንድ ጠይቁ። ሁለቱም ጎኑ በጎማ የተከደነውን ምረጡ። ለጅማ ዝናብና ቀይ አፈር ክፍቱ አይሆንም።

ደረጃ 7፦ መገጣጠም

1. በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ኩሽኔታ ይገባል። በመሀላቸው ማራራቂያ ቱቦ አስገቡ። ኩሽኔታውን በመዶሻ አትምቱ፤ በትራኩ ዘንግ ላይ አድርጋችሁ በእጅ ግፉት።
2. ሮንዴላ፣ ጎማ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። በ13 ቁልፍ እስኪቆም አጥብቁ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱት። ጎማው በነፃ ይዙር፤ ወደ ጎን ሲገፋ የጸጉር ያህል ይንቀሳቀስ።
3. ትራኩን ከቦርዱ ጋር በአራት ብሎን እሰሩ፤ ዳዶው 10 ቁልፍ ይይዛል። ብሎኖቹን በሰያፍ ተራ በተራ እንጂ አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻው አታጥብቁ። ኪንግፒኖቹ ከቦርዱ መሀል ወደ ውጭ፣ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይመልከቱ። አንዱ በተቃራኒ ከተገጠመ ቦርዱ አይታጠፍም።
4. የኪንግፒኑ ዳዶ 14 ቁልፍ ላይ እምቢ ካለ አትደነቁ። በኢንች የሚለካ 9/16 ነው። በፒንሳ አትታገሉት፣ ጠርዙ ይበላል፤ ጋራዥ ሂዱና ተዋሱ።
5. ዳዶዎቹ ሁሉ ውስጣቸው ናይለን አለ። የብሎኑ ጥርስ ከናይለኑ አልፎ ካልታየ በመንገድ ላይ ይፈታል።
6. ቦርዱ ላይ ቁሙና በሙሉ ክብደታችሁ ወደ አንድ ጎን አዘንብሉ። ጎማው ቦርዱን ከነካ በፍጥነት ስትታጠፉ ይቆልፋል። በትራኩና በቦርዱ መሀል የፕላስቲክ ማስነሻ ጨምሩ።

ደረጃ 8፦ መንገድና የመጀመሪያ ሙከራ

ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን የጅሬን ዳገት ያየ ሁሉ ዓይኑ ይቋምጣል። አትጀምሩበት። ሰው፣ ከብት፣ ባጃጅና ጎብኚ የሚጋሩት መንገድ ነው። ወደ አጋሮና ወደ ቦንጋ የሚወጡት አውራ መንገዶችማ ጭራሽ አይታሰቡ። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ስትወርዱ በሰከንድ 10 ሜትር ትሄዳላችሁ። በሬ ከጥግ ብቅ ቢል «እንዴ!» ብላችሁ ሳትጨርሱ ላዩ ላይ ናችሁ።

መጀመሪያ ሜዳ አስፋልት፣ ቀጥሎ መጨረሻው ላይ ራሱ የሚያቆም አጭር ተዳፋት ፈልጉ። ኮብልስቶን አይሆንም። መንገዱን ከላይ እስከ ታች በእግር ውረዱ፤ ጠጠሩን በመጥረጊያ ጥረጉ። ዝናብ ከዘነበ ማግስት አስፋልቱ የደረቀ ቢመስልም ጎርፍ ያመጣው ቀይ አፈር ላዩ ላይ ነው። ያን ቀን ተዉት። በመከር ሰሞን ደግሞ መንገድ ዳር የተሰጣ ቡና ካለ በዚያ አትለፉ፤ ጎማ ሥር ከሚገባው ፍሬ የባለቤቱ ቁጣ ይብሳል።

እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ፊሽካ የያዘ ጓደኛ ይቁም። ቀኛችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ የማይታይ ጥግ ላይ የመሀሉን መስመር አትሻገሩ።

ቁልቁለቱን የምታረዝሙት በፈለጋችሁት ቦታ በእግርም በጓንትም ማቆም ስትችሉ ብቻ ነው። ከታች ጀምሩ፤ ባቆማችሁ ቁጥር መነሻችሁን ጥቂት እርምጃ ወደ ላይ አውጡ።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ቦርዱ መርገፍገፍ ጀመረ። ቀጥ ብላችሁ አትቁሙ፣ ወደ ኋላም አትደገፉ። ጉልበት አጥፉ፣ ክብደታችሁን ወደ ፊተኛው እግር አምጡ፣ ቀስ ብላችሁ አቁሙ። ከተደጋገመ ከኋላ ያለውን ጎሚኒ በአንድ ደረጃ ጠንከር ባለ ቀይሩ።

ጎማው «ጠክ ጠክ» ይላል። ስታንሸራትቱ አንድ ቦታ ተበልቶ ጠፍጥፏል። አዲስ ቢሆንም አውጡት። አንድ ጎን ብቻ ሾጥጦ ከተበላ ግን የፊቱን ቀኝ ከኋላው ግራ ጋር አለዋውጡ።

ኩሽኔታ ይጮኻል። አውጡት፣ ክዳኑን በመርፌ አንሱ፣ በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁ፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምሩ። ዝናብ ላይ ከቆየ ያኑ ዕለት ማታ አድርጉት፤ ነገ ዝጓል።

ቆዳ ተላጠ። በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ጠጠሩን አስወጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። የተፈጨ ቡና አትነስንሱበት። ደም የሚያቆም ቢመስልም ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ሐኪም ቤት ሲፋቅ የባሰ ያማል። የቴታነስ ክትባታችሁ መቼ እንደነበረ ካላወቃችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጭንቅላቱ ተመታ። አንገቴን አመመኝ ካለ ወይም ራሱን ከሳተ አታንቀሳቅሱት፤ ትንፋሹ ካልታፈነ ሄልሜቱንም አታውልቁ። 907 ደውሉና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። ተነስቶ ቢስቅ እንኳ በኋላ ካስመለሰው፣ ከተደናገረ፣ ራስ ምታቱ ከጨመረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፤ ብቻውን አይደር።

ያ ሄልሜት ሥራውን ጨርሷል። ማሰሪያውን በመቀስ ቁረጡና ጣሉት፤ ሌላ ልጅ አንስቶ እንዳያደርገው።